ሆቴል በር ላይ የተካሄደው ጦርነት

መንገድ ዳር የቆመ ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው የሚይዘው በሽታ ነው። ከአዳማ ተነስቼ በሞጆ በኩል ወደ ዝዋይ ስወርድ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሐይቁን ለማየት ሳይሆን ሰሌዳዎቹን ለማንበብ ነው። «ወደ ታሪካዊው ዋሻ 3 ኪ.ሜ» የሚል የዛገ ቆርቆሮ አለ፤ ቀስቱ የሚያመለክተው የሽንኩርት ማሳ ነው። ሌላው ላይ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ስለተለጠፈበት ታሪኩ እንዲህ ይነበባል፦ «ጀግኖች አባቶቻችን ጠላትን ከዚህ ስፍራ ያለ ሕመም እንነቅላለን።»

ከሁሉም የሚበዛው ግን የመሠረት ድንጋይ ነው። «የዚህ ሆስፒታል የመሠረት ድንጋይ በክቡር እገሌ ተቀመጠ» ይላል። እውነትም ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬ አልተነሳም። መቂ መግቢያ ላይ አንዱን የሽንኩርት ደላሎች ወንበር አድርገውታል። አንድ ጊዜ ይህንኑ ጮክ ብዬ አንብቤ ስስቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ከአቦምሳ የመጣ የእህል ነጋዴ ዞር አለና፣

«ምን ያስቅሻል፣ እህቴ?» አለኝ።

«ሆስፒታል ይሠራል ይላል።»

«ታዲያ ይሠራል። መቼ ብሎ ቀን ጠቀሰ?»

እንዲህ ስስቅ ኖሬ መሳቂያው ራሴ የሆንኩት አምና ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ፤ የሠርግ ጥሪም ይሁን የእድር ደንብ የመጣልኝን አልመልስም። አንድ ቀን ጠዋት የማላውቀው ሰው ደወለ። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ስም ጠራልኝ። አባቴ የተወለደባት ከተማ ናት። ሰውየው የቀለምና የሚስማር ሱቅ ያለው ጎልማሳ ሲሆን፣ አሁን ደግሞ «የታሪካዊ መታሰቢያ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ» ሆኗል።

«መምህር፣ ከእኛ ቀጥላ ያለችው ከተማ መታሰቢያ ካቆመች ወዲህ አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ነው የሚቆመው። ይወርዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ምሳ ይበላሉ። እኛ ጋ ጎማ ካልፈነዳባቸው አይቆሙም» አለኝ።

«ታሪክስ አላችሁ?»

«ታሪክማ ሞልቶን! የነገሩን ደግሞ የእርስዎው አባት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የቀረን ጽሑፉን አሳምረው በሁለቱም ቋንቋ እንዲያዘጋጁልን ብቻ ነው።»

ረቂቁን በስልኬ ላከልኝ። «በዚህ ዳገት ላይ ጀግኖች አባቶቻችን ከተራራው ጫፍ ድንጋይ አንከባለው የወራሪውን የጣሊያን ጦር ሰባት ካሚዮን ደምስሰዋል» ይላል። ሰባት የሚለው ላይ ስደርስ የአባቴ ምላጭ ሲሳል ሰማሁ።

አባቴ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ምሳውን የማደርስለት እኔ ስለነበርኩ ያንን ታሪክ ሳልሰማው የዋልኩበት ቀን የለም። የካሚዮኖቹ ቁጥር እንደ ደንበኛው ነበር። ለአጭር ቁርጥ ሁለት ካሚዮን ይበቃል። ሰውየው ጢሙንም ከተላጨ አራት ይሆናል። መንገደኛ ሆኖ ተመልሶ የማይመጣ መስሎ ከታየው ሰባት። ምላጩ ጉሮሮ ላይ ስለሚሆን «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ አላየሁም። አንድ ቀን ሰው ሲወጣ ጠብቄ፣

«አባዬ፣ ትናንት እኮ አራት ነበር ያልከው» አልኩት።

«ትናንት የመጣው ሰው ፀጉሩ ሳሳ ያለ ነበር» አለኝ፣ ፎጣውን እያራገፈ።

ይህንን ነው እንግዲህ ድንጋይ ላይ ሊቀርጹት የተነሱት።

ሄድኩ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ነበር። ባለሆቴሏ የኮሚቴው ምክትል ናት፤ ደርባባ፣ ድምፅዋ ከጄኔሬተር የሚበልጥ ሴት። ሌሎቹ አባላት ቲማቲም የሚጭን መኪና እያዩ ቶሎ ቶሎ ስለሚነሱ ነገሩ በእኔና በሁለቱ መሐል ሆነ።

«ይህ ታሪክ ማስረጃ የለውም» አልኩ። «አባቴ ደንበኛ ሲላጭ የሚያጫውተው ጨዋታ ነው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ አባትዎ ዋሹ ነው የሚሉን?»

በሞተ አባት ላይ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣ። ባለሆቴሏ ዝምታዬን እንደ ስምምነት ወስዳ ምሳ አዘዘችልኝ።

ማታውኑ እናቴን ጠየቅኋት። እናቴ ሰማንያዎቹን አጋምሳለች፤ ከእኔ ጋር አዳማ ትኖራለች። ድሮ በሚስዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበረች፤ ጴንጤ ናት፣ ለቀልድ እንኳን ውሸት የማይወጣት። አባቴ ያንን ታሪክ ሲጀምር ብድግ ብላ ከሱቁ ትወጣ ነበር። የሱ ወሬ ሰልችቷት ይመስለኝ ነበር።

«ካሚዮኑ አንድ ነበር» አለችኝ። «ድንጋይም የነካው የለም። ዳገቱ ላይ ፈላና ቆመ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አማቴ ናታ! እሷ እኮ እዚያ ነበረች። የገበያ ቀን ነው፤ እሷ ገና ሙሽራ ናት። ወታደሮቹ ሴቶቹን ከገበያ ነድተው ወደ ወንዙ አወረዷቸው። ከረፋድ እስከ ማታ ያንን ዳገት በእንስራ ተመላለሱበት። ለመኪናው፣ ለወታደሩ፣ ለበቅሎው፤ ሁሉም ይጠጣል። የዘገየችውን በአለንጋ ይሏታል። አንዷ እርጉዝ ነበረች። ዳገቱ መሐል ላይ አስወረዳት።»

«ወንዶቹስ የት ነበሩ?»

«ጫካ ገቡ። ሸሹ ማለቴ ነው። አባትሽ ሲያወራው ‹መሸጉ› ይለው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካሚዮኑ ተነሳና ሄደ። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ባዶ ጣሳ ሰጧቸው። ዋጋ መሆኑ ነው።»

አባቴ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ከእናቱ አፍ ሰምቷል። ልጅ ሆኖ ሰፈር ውስጥ ‹የውሃ ቀጂዋ ልጅ› ይሉት ነበር። ለጠላት የቀዳች ማለታቸው ነው። እንዲህ የሚሉት እነማን መሰሉሽ? የእነዚያው ጫካ የገቡት ልጆች ናቸው። አዳማ መጥቶ ምላጭ ሲይዝ ግን ማንም እንዲህ አላለውም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ ብል ውሸት ይሆናል። ተኛሁ። ጠዋት ግን ቆርጬ ተነሳሁና ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። የእናቴን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው፤ ሴቶቹን፣ እንስራውን፣ ያስወረዳትን ሴት፣ ጣሳውን። ሳወራ የቲማቲም መኪና አይቶ የተነሳ እንኳን አልነበረም። ልባቸው የተነካ መስሎኝ ነበር።

ባለሆቴሏ ቀድማ ተናገረች። «ያሳዝናል። ግን ለዚህ ብሎ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው አለ?»

«ቆይ፣ መምህር ጥሩ ነገር ነው ያነሱት» አለ ሰብሳቢው። «የሴቶች ተሳትፎ ጎድሎን ነበር።» ወዲያው ጻፈና አነበበልን፦ «ሴቶችም ለአርበኞቹ ውሃ በማቀበል ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው።»

«ውሃውን የጠጡት ጣሊያኖች ናቸው!»

«ውሃ ያው ውሃ ነው» አለች ባለሆቴሏ።

መነሳት ነበረብኝ። ቦርሳዬንም አንስቼ ነበር። ሰብሳቢው ግን ሱቅ የሚውል ሰው አይደል፣ ደንበኛ ሊያመልጥ ሲል ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከታች ‹የታሪኩ ምንጭ› ብለን የአባትዎን ስም ከነሙሉ ማዕረጉ እናስቀርጻለን» አለኝ።

አባቴ ማዕረግ አልነበረውም። ስሙ ተጽፎ ያየሁት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሱቁ በር ላይ፣ ቀበሌ መታወቂያው ላይና መቃብሩ ላይ። የሱቁን ዝናብ አጥቦታል። እብነ በረድ ላይ በወርቃማ ቀለም ተጽፎ ታየኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። «አቀበሉ» እና «አቀብለዋል» የትኛው እንደሚሻል ተከራከርኩ። «ደምስሰዋል» ከሚለው በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር አቃናሁ። በተማሪዎቼ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሐሳቡ ትክክል አይደለም» ብዬ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ሰዋስዉን አረምኩና ውሸቱን እንዳለ አለፍኩት። ወደ አፋን ኦሮሞም ተረጎምኩት፤ እንዲያውም ከአማርኛው ይልቅ አማረ።

ቀራጩ ሞጆ ያለ ሰው ነው። ድንጋዩ ሲመጣ ከግርጌው በቀር ፎቶ አንስተው ላኩልኝ፤ በአማርኛው ሰባት የነበሩት ካሚዮኖች በአፋን ኦሮሞው አሥራ ሰባት ሆነው ተገኙ። ይታረም ብዬ ብጮህ ሰብሳቢው፣ «ይሁን፣ እኛን አይጎዳም» አለ።

የቀረው የሚቆምበት ቦታ ነበር። ዳገቱ ከከተማዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል።

«ዳገት ላይ ማን መኪና ያቆማል?» አለች ባለሆቴሏ። «ፍሬን ቢበጠስባቸውስ? ለሰው ነፍስ ማሰብም አለ።»

ለሰው ነፍስ ታስቦ ጦርነቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሆቴሉ በር ላይ ደረሰ። ቦታው እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ድንጋዩ ግን «በዚህ ዳገት ላይ» ማለቱን አልተወም። አካባቢው ላይ ዳገት የሚባል ነገር ቢኖር ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚያስወጡት አራት ደረጃዎች ናቸው።

የምረቃው ቀን ድንኳን ተተከለ፤ ነጭ የላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ ድንጋዩ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ቆመ። የክብር እንግዳው ሦስት ሰዓት ዘግይተው መጡ። እናቴ «የአርበኛው ልጅ ባለቤት» ተብላ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች። ከአዳማ ስንመጣ መኪና ውስጥ፣ «ምን ብላችሁ ነው የጻፋችሁት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በቃሌ አነበነብኩላት። እስከ ሞጆ ድረስ በመስኮት ታይ ነበር። ሞጆን ስናልፍ፣ «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ። «ያረምኩት ነኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ በመስኮት ማየት ቀጠለች።

ጨርቁ ተገፈፈ፣ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው «አሁን ደግሞ እናታችን ሁለት ቃል ምርቃት ይሰጡናል» ብሎ ማይክራፎኑን አቀበላት። እናቴ ቀስ ብላ ተነሳች። ማይክራፎኑን ቴርሞሜትር እንደሚያይ ሰው አገላብጣ አየችው።

«እዚህ የተጻፈው አልሆነም» አለች። «ካሚዮኑ አንድ ነበር።»

ከኋላ የተቀመጡት «ካሚዮን» የሚለውን ሲሰሙ በጭብጨባ አቀለጡት።

«አታጨብጭቡ፣ ልጆቼ። ድንጋይ ያንከባለለ የለም። ሴቶች ናቸው በግድ ውሃ የተሸከሙት። አማቴ አንዷ ነበረች። ከእነሱ ውስጥ አንዷ ፅንስ ወረደባት...»

ሰብሳቢው ለድምፅ ማጉያው ሰው በእጁ ምልክት ሲሰጥ አየሁት። ከበሮ ያለበት ዘፈን በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቃል አይሰማም። እሷ ግን አላቋረጠችም፤ የጀመረችውን ጨርሳ ማይክራፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። የክብር እንግዳው ቆመው አጨበጨቡላት። ሰብሳቢው፣ «እናታችን በደስታ ስሜታቸው ተነክቶ ነው» አለና ሰውን ወደ ምሳ ጋበዘ።

እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። አፍሬ ነበር፤ በማን እንዳፈርኩ ለመለየት ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ቀና ስል አንዲት አሮጊት ከሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ወጥተው ወደ እኛ ሲመጡ አየሁ። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ዘንግ የያዙ ሙስሊም ናቸው። የተጋበዙ አልነበሩም። ኋላ እንደነገሩን፣ መቂ ከምትኖር ሽንኩርት ነጋዴ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከአዳማ ሐኪም ቤት ሲመለሱ ሚኒባሱ ለምሳ ቆሞላቸው ነው። እናቴ አጠገብ ያለውን ወንበር ሳቡ።

«አካም ጅርቱ?» ብለው በአፋን ኦሮሞ ሰላም አሉ።

«ፈያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴ።

«ቅድም ያሏት ሴት፣ ያ ነገር የደረሰባት... እናቴ ናት።»

እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። ዘፈኑ ስለሚጮህ በደንብ የሰማች አልመሰለኝም ነበር። ሰምታለች። እጃቸውን ያዘች።

«ከእርስዎ በፊት ነው?»

«የበኩር ልጇ ነበር፤ ወንድ። ከሱ በኋላ ስምንት ዓመት ሳትወልድ ቆየች። ከዚያ እኔን አገኘች። ሌላ አልደገመችም። ይህን ነገር የምታወራው ለእኔ ብቻ ነበር። ዛሬ በዚህ ጩኸት ውስጥ ከማላውቀው ሰው አፍ ስሰማው እንጀራው ከእጄ ወደቀ።»

«የት እንደቀበሩት ነግራዎታለች?»

«እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ግራር ሥር። ወታደሮቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ሴቶቹ በእጃቸው ቆፍረው። አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። በመኪና ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ባጃጅ ጥሪ» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት፣ ቁጣ ያልተቀላቀለበት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ምሳው እየቀረበ ጥለን ወጣን። ባጃጁ ውስጥ ሦስታችን ተጨናነቅን፤ ሁለቱ ዳገቱ እስኪደርስ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ። ዳገቱ ይህን ያህል የሚፈራ አይደለም። አሁን አስፋልት ነው፤ ከባድ መኪኖች በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወጡታል። ግራር የተባለው እንደሆነ አንድም የለም። መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጦ ይሁን ቀድሞም ተቃጥሎ ማን ያውቃል። አሮጊቷ መንገዱ ዳር ቆመው በዘንጋቸው ወዲያና ወዲህ አመለከቱ። «እዚህ ይሁን፣ እዚያ» አሉ። በመጨረሻ ደረቅ ሣር ያለበት አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እናቴም አይኗን ጨፍና ጸለየች፤ ረዘም አድርጋ፣ እንደ ልማዷ። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ የእናቴን ቦርሳ ይዤ ቆምኩ። አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አልፎ አቧራውን አለበሰን፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

ባጃጅ ነጂው ፂሙ የሸበተ ሰው ነው። ትዕግሥቱ አልቆ አንገቱን አወጣ።

«እዚህ ምን አለ፣ ማዘር? ታሪካዊ ቦታው እኮ ከታች ነው፤ ሆቴሉ ጋ።»

«አየነው፣ ልጄ» አለችው እናቴ። «ትንሽ ጠብቀን።»

ስንመለስ የክብር እንግዳው ሄደዋል። ሰብሳቢው እኛን ፍለጋ ላቡ በፊቱ ወርዶ ነበር። «ፎቶው ላይ የአርበኛው ቤተሰብ ቀረ! ምን ልበል እኔ?» ብሎ ተቆጣ። ባለሆቴሏ ግን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ምሳችንን ከድና አቆይታልን ነበር። ለአሮጊቷም ጨመረች። ሚኒባሳቸው ጥሏቸው ሄዶ ስለነበር መቂ የሚሄድ መኪና ራሷ አስቁማ አሳፈረቻቸው።

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው። አውቶቡስ መቆም ጀምሯል፤ ምሳው ጥሩ ነው ይላሉ። ለኮሚቴው ይታረም ብዬ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለሁለተኛው መልስ መጣ። መልሱ የምስጋና ወረቀት ነው። አሠሪው ኮሚቴ «ለታሪክ ላበረከቱት አስተዋፅኦ» ብሎ ስሜን በትልቁ ጽፎልኛል፤ «አስተዋፅኦ» የሚለውን ቃል ግን ተሳስተው ጽፈውታል። የአባቴን ስም በተመለከተ ቦታ ስላልበቃ አልተቀረጸም። ነገሩን ያወቅሁት ጨርቁ ሲገፈፍ ነበር፤ ያኔ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ከውሸቱ ይልቅ ያ ነበር ያናደደኝ።

እናቴና የመቂዋ ሴት በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። እናቴ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ ሁሉንም እሰማለሁ። ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ፣ ስለ ቲማቲም፣ ልጆቻቸው ስለማይሰሟቸው ነገር። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ እናቴ ትቆጣቸዋለች። ስለ ዳገቱ አንድም ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም።